ሳይለኮስ የዋለ ቅዳሜ

ስቶክሆልም፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1957

ለተከበሩ ለወይዘሮ ታይሚ፣

ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ ከነላሞችዎ እንድታገኝዎ ምኞቴ ነው። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ።

ማንነቴን ባያስታውሱ አልፈርድብዎትም። ኦይቫ እባላለሁ፤ የአጎትዎ ልጅ የሄልቪ ልጅ ነኝ። በጦርነቱ ጊዜ ስማቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ከሄልሲንኪ በባቡርና በመርከብ ወደ ስዊድን ከተላኩት ሕፃናት አንዱ ነበርኩ። እናቴ ስታርፍ እዚሁ ቀረሁ። ያሳደጉኝ ሰዎች ደጎች ናቸው፣ ምንም አልጎደለብኝም። ፊንላንድኛዬ ግን ዝጓልና ስሕተት ቢያገኙ ይሳቁ እንጂ አይዘኑብኝ።

አሁን የምሠራው አየር በሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ነው። ለአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ዝናብ የሚለኩ ሰዎችን ስም ስናይ የእርስዎን አገኘሁና ክው አልኩ። የእናቴ መንደር! ስለዚህ ልለምንዎ ደፈርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንተነፍስ የምናወጣው፣ እንጨትና ከሰል ሲነድም የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ። አይታይም፣ አይሸትም። ከመቶ ዓመት በፊት አንድ የአየርላንድ ሊቅ ይህን ጋዝ በናስ ቧንቧ ሞልቶ ሙቀት ቢለቅበት፣ ተራው አየር የሚያሳልፈውን ሙቀት ጋዙ ይዞ አስቀረው። ምድር ሌሊቱን በብርድ ደርቃ የማታድረው እንዲህ ያለ ብርድ ልብስ ስላላት ነው። የዛሬው ጥያቄ፣ ይህን ሁሉ ከሰልና ዘይት እያነደድን ብርድ ልብሱን እያወፈርነው ነው ወይ የሚል ነው። የሚያውቅ ሰው የለም፤ የለካ ሁሉ የየራሱን ቁጥር ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ከየቦታው አየር በጠርሙስ እያስመጣን ነው።

ጠርሙስ ብልክልዎ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሞሉልኛል? ለሰኞው መርከብ እንዲደርስ ነው። ከቤት፣ ከበረትና ከመኪና መንገድ ይራቁ። በአቅራቢያው ጭስ ማውጫ ያለው ምንም ነገር አይኑር። ትንፋሽዎን ይያዙ፣ ፊትዎን ወደ ነፋሱ ያዙሩ፣ መክፈቻውን ይክፈቱ፣ ሲሞላ ይዝጉ። በጠርሙሱ ላይ በተለጠፈችው ወረቀት ቀኑን፣ ነፋሱን፣ ትንፋሹን ይዞ የቀዳውን ሰው ስም ይጻፉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

አክባሪዎ ኦይቫ


ሃሎላምፒ፣ ማርች 3 ቀን 1957

ለልጄ ለኦይቫ፣

እንደምን ከርመሃል? የሰማዩ ጌታ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። እኔ ጉልበቴ ከመንቋቋቱ በቀር ምንም አልሆንኩም። ላሞቹም ደህና ናቸው፤ ስለጠየቅሃቸው ያመሰግናሉ።

ኧረ ለመሆኑ ምን «እርስዎ፣ እርስዎ» ያስብልሃል? እኔ ቄስ ነኝ? እኔና እናትህ ባንድ አልጋ ነው ያደግነው። ነፍሷን ይማረውና ተኝታ ስትራገጥ አታስተኛኝም ነበር። «አንቺ» በለኝ፤ አለዚያ ጠርሙስህን የዓሣ ሾርባ ሞልቼ ነው የምልክልህ።

ደብዳቤህን ሳነብ አለቀስኩ። አንተን ያየሁህ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለህ ነው። አውቶቡስ ላይ ሆነህ መስኮቱን እየላስክ ነበር የሄድከው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ከዚያ ምንም። አሁን ደግሞ ነፋስ ቅጂልኝ ብለህ መጣህ። ይሁን፣ እቀዳለሁ!

ቦታም አግኝቻለሁ። ቤቱም በረቱም ኮረብታው ላይ ናቸው፣ መንገዱም ከኋላ ነው። ታች ሐይቁ ዳር፣ ጀልባ የማስርበት የእንጨት መድረክ አለ። እዚያ አንድም ጭስ ማውጫ የለም። ቅዳሜም ይስማማኛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሌም ታች ነኝ፣ እጄንም አጣጥፌ ነው የምቀመጠው።

ሣጥኑን እስከ አውቶቡሱ የሚያደርስልኝ ኡኖ ነው። ሐይቁ ማዶ ያለው ጎረቤቴ ነው፣ የወተት መኪና ይነዳል። ነገሩን ስነግረው «ነፋስ ሻጭ ሆንሽልኝ!» ብሎ መሪው ላይ ተደፋ። ይሳቅ።

የጎማ ቦት ጫማዬ ተቀዷል። የስዊድን ጎማ ጠንካራ ነው ይባላል፤ ከቻልክ አንድ ላክልኝ፣ እግሬ ሰፊ ነው። ከሁሉ በፊት ግን መቼ ነው የምትመጣው? በጁን ለሚከበረው የበጋ በዓል ና። በሬ ባላርድም ዓሣ አላጣም።

አክስትህ ታይሚ


ስቶክሆልም፣ ጁን 2 ቀን 1957

ውድ አክስቴ ታይሚ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። ይኸው፣ «አንቺ» አልኩሽ። ቦቱ በሌላ ሣጥን መጥቷል፤ ሰፊውን ጠይቄ ነው የገዛሁት፣ ሻጩ «ለአጎትህ ነው?» አለኝ።

ጠርሙሶችሽ ጉድ አፍልተዋል! ከሌላው ቦታ የሚመጣው አየር ከሚሊዮን እጅ ሦስት መቶ ሃያ፣ ሦስት መቶ ሠላሳ ያህል ጋዝ ነው ያለው። ያንቺ ግን አራት መቶ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ነፋስ በሌለበት ቀን ይጨምራል፣ ነፋስ ሲኖር ይቀንሳል። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን አገላብጦ አገላብጦ «ይህች ሴትዮ የት ነው የምትኖረው?» አለ።

እኔ አንድ ነገር ጠርጥሬአለሁ። ከምሥራቅ የሚመጣው አየር በዚያ ሁሉ ደንና ረግረግ ላይ ተኝቶ የዛፉንና የአፈሩን ትንፋሽ ጠጥቶ ይመጣል። ሐይቅሽ ላይ ሲደርስ ነፋስ ከሌለ እዚያው ይተኛል። ይህ እውነት ከሆነ ማንም ያልደረሰበት ነገር ነው። ብቻ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እንዳትቀየሚኝ። ምናልባት ጠርሙሱ ላይ እየተነፈስሽ ይሆን?

ደግሞ የሚያስቅሽ ነገር ልንገርሽ። ከስልሳ ዓመት በፊት እዚሁ ስዊድን አንድ ሊቅ ቤቱ ተቀምጦ ወራት ሙሉ በእርሳስ ብቻ ሒሳብ ሠራ። ጋዙ በግማሽ ቢቀንስ በረዶ አውሮፓን መልሶ ይውጣል፣ እጥፍ ቢሆን ደግሞ ዓለም አምስት ስድስት ዲግሪ ትሞቃለች አለ። እሱ ግን አልደነገጠም። በሺህ ዓመታት የሚሆን ነገር ነው፣ ለእኛ ለሰሜን ሰዎችም ደግ ነው ብሎ ደስ አለው። ወዲያው ሌላ ስዊድናዊ ተነሣና «ጋዙ የሚይዘውን ሙቀት አሁንም ይዞ ጨርሷል፤ ቢጨመር ባይጨመር ለውጥ የለውም» ብሎ አፉን አስያዘው። ሃምሳ ዓመት ነገሩ ተኛ። በመካከሉ አንድ እንግሊዛዊ የእንፋሎት መሐንዲስ በትርፍ ጊዜው ከዓለም ሁሉ የሙቀት መለኪያ ቁጥር ለቅሞ «ኧረ መሞቅ ጀምራለች!» ቢል፣ ታላላቆቹ ፈገግ ብለው አለፉት። አሁን ግን ሁለተኛው ሰውዬ እንደተሳሳተ ታውቋል፤ ጋዙ ገና ብዙ ይይዛል። የቀረው በትክክል መለካት ነው።

ለበጋው በዓል ለመምጣት እሞክራለሁ።

ኦይቫ


ሃሎላምፒ፣ ጁላይ 14 ቀን 1957

ለኦይቫ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፣ ለእኔም፣ ለቦት ጫማዬም። በጣም ልክ ነው። ሻጩን ግን አጎት አለመሆኔን ንገርልኝ።

እኔ ነኝ ጠርሙስ ላይ የምተነፍሰው? አንተ! እኔ በልጅነቴ ከዚህ መድረክ ዘልዬ ገብቼ እናትህ «ሞተች!» ብላ እስክትጮህ ድረስ ታች የምቆይ ሰው ነኝ። ትንፋሼን እይዝና ፊቴ ድንች ልጣጭ እስኪመስል እቆማለሁ። ኡኖ ማዶ ሆኖ ያየኛል፤ ከጀልባው ላይ «ታይሚ፣ በሕይወት አለሽ?» ይላል። መልስ መስጠት አልችልም፣ በእጄ ነው የምሰድበው።

ያ ሊቅህ ግን ልቤን በላው። ዓለም ትሞቃለች ካለ ይፍጠን በለው! በጁን አጋማሽ ውርጭ ወርዶ የድንቹን ቅጠል አጠቆረው። አምስት ዲግሪው ይቅር፣ አንድ እንኳ ቢልክልኝ በደስታ እቀበለዋለሁ። ደግሞስ ከሚሊዮን ሦስት መቶ? በዚህ ጨው ሾርባ እንኳ አይጣፍጥም። ግን እርሾም ትንሽ ናት፣ ሊጡን ሁሉ ታነሣዋለች። ስለዚህ አልስቅም።

በበዓሉ ሳትመጣ ቀረህ። አውቶቡሱ ባዶውን ነበር። ሥራ በዝቶብህ ነው፣ ይገባኛል። ፎቶግራፍህን እንኳ ላክልኝ፤ መልክህን ሳላውቅ ነው የምጽፍልህ።

ታይሚ


ስቶክሆልም፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1958

ውድ አክስቴ፣

ስንት ጊዜ ሆነ! ዝምታዬን ይቅር በይልኝ፤ ጠርሙስሽ በየሳምንቱ ስትደርስ አንቺው ራስሽ የመጣሽ እየመሰለኝ መጻፉን ረሳሁት። ፎቶግራፌ ይኸው። አፍንጫዬ የእናቴ ነው ይሉኛል፤ እስቲ አንቺ ፍረጂ።

አሁን ምሥራቹን ስሚ። የምሥራቅ አየር ያልኩሽ ነገር የዶክትሬት ጽሑፌ ዋና ምዕራፍ ሆኗል። ምዕራፉ ከጸደቀ ዶክተር ነኝ፣ እዚሁ ቋሚ ሥራም አገኛለሁ። ካልጸደቀ እንደገና ከዜሮ ነው። ሙሉ በሙሉ የቆመው ባንቺ ጠርሙሶች ላይ ነው። የሃሎላምፒ ስም በመጽሐፍ ሊታተም ነው፣ አክስቴ!

እስኪ አንድ ነገር ንገሪኝ፣ ለጽሑፉ ያስፈልገኛል። ቅዳሜ ቀን በመንደሩ የተለየ ነገር ይደረጋል? ፋብሪካ፣ ጫካ ማቃጠል፣ ምንም?

በሴፕቴምበር ድንች ስታወጪ እመጣለሁ። ሴፕቴምበር 13 ቅዳሜ ነው፤ በእሱ ቀን ጠብቂኝ። ቃሌ ነው።

ኦይቫ


ሃሎላምፒ፣ ማርች 16 ቀን 1958

ለልጄ ለኦይቫ፣

ጌታ ምን ይሳነዋል! አፍንጫውስ የሄልቪ ነው፤ ጆሮው ግን የአባትህ ነው፣ ምን ይደረግ። ፎቶህን ሬዲዮኑ ላይ አቁሜዋለሁ።

ስለ መጽሐፉ ለቄሱ ነገርኳቸው፣ እሳቸው ደግሞ እሁድ ለምእመኑ ተናገሩ። ወተት የሚያሰባስበው ኡኖ እንኳ አሁን «ነፋስ ሻጭ» ማለቱን ትቶ «ወይዘሮ ፕሮፌሰር» ይለኛል። ከድሮው ይሄኛው ይብሳል።

ቅዳሜ ምንም የተለየ ነገር የለም። ፋብሪካ ከየት አምጥተን? ቅዳሜ ያው ቅዳሜ ነው። ቤት ይጠረጋል፣ ገላ ይታጠባል፣ ንጹሕ ልብስ ይለበሳል። እዚያ ስዊድን እንዲህ አታደርጉም እንዴ?

ሴፕቴምበር 13። ሬዲዮኑ ላይ፣ ከፎቶህ ሥር ጽፌዋለሁ።

ታይሚ


ሃሎላምፒ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1958

ለኦይቫ፣

በጤናህ እንደምን አለህ? ደህና መሆንህን ብሰማ ደስ ይለኛል።

የትናንቷን ጠርሙስ ልኬአለሁ። አመሻሽ ላይ ነው የቀዳሁት። ነፋሱ ጠንከር ያለ ነበር። ድንቹ ዘንድሮ ጥሩ ሆኗል።

ታይሚ


ስቶክሆልም፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1958

ውድ አክስቴ ታይሚ፣

ይህን ስጽፍ አንገቴን ደፍቼ ነው። በዚያ ሳምንት ፕሮፌሰሩ ድንገት ወደ ስብሰባ ላከኝ፣ ቴሌግራም ለመላክ እንኳ ጊዜ አጣሁ። ለነገሩ ጊዜ አላጣሁም፤ ረሳሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ። ጽሑፉ ሲያልቅ በእርግጠኝነት እመጣለሁ።

ከስብሰባው አንድ ነገር ይዤ መጣሁ። በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ባለ ከፍተኛ ተራራ ላይ፣ ከሰውም ከከተማም ርቆ፣ አሜሪካኖች ሌት ተቀን የሚለካ መሣሪያ ተክለዋል። ቁጥራቸው እንደኛ አይዘልም። ቀጥ ያለ ነው። አንዳንዶች «የእናንተ ጠርሙስ ሁሉ የሚለካው የየመንደሩን ወሬ ነው» ብለው ሳቁብን። እኔ ግን የሃሎላምፒን ቁጥር ሳሳያቸው ወረቀቱን ተሻምተው አዩት። ያድኑኛል ያልኩት እነዚያን ቁጥሮች ነው።

አንዷ ጠርሙስ ብቻ ናት የምታውከኝ፤ የሴፕቴምበር 13ቷ። ከሌሎቹ ሁሉ በጣም ታንሳለች፣ ሦስት መቶ አሥራ ሦስት። መክፈቻዋ ላልቶ ይሆን? ከቁጥሩ ላውጣት አስቤአለሁ።

ኦይቫ


ሃሎላምፒ፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 1959

ለኦይቫ፣

አዲሱን ዓመት ጌታ የሰላም ያድርግልህ። መርሳት የሰው ነው። አልተቀየምኩም፤ ትንሽ ብቻ ተቀይሜ ነበር፣ እሱም አልፏል።

መክፈቻዋ አልላላም። ማውጣት ከፈለግህ አውጣት፣ ጠርሙሷ ያንተ ናት። ከአንተ የምፈልገው ነገርም የለም፤ ቦቱ ገና አዲስ ነው።

የዚህ አገር ወሬ አንድ ነው፤ የኡኖ ሳውና ተቃጠለ። እንደኛው የጭስ ሳውና ነበር። መቼም አንተ ከተማ ተወልደህ አታውቀው ይሆናል። ጭስ ማውጫ የሚባል የለውም። በውስጡ በተከመረው ድንጋይ ሥር እሳት ይነዳል፣ ጭሱ ቤቱን ሞልቶ በበሩና በጣሪያ ሥር ባለች ቀዳዳ ይወጣል፤ ግማሽ ቀን ነዶ ድንጋዩ ሲግል እሳቱ ይወጣና ሰው ሊታጠብ ይገባል። ከዚህ የሚጥም ሙቀት በዓለም የለም። ግን እሳቱን ጥሎ የሄደ ሰው ሲመለስ የሚያገኘው አመድ ነው። ኡኖ ሬዲዮ ሊሰማ ገባ፣ አለቀለት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከነሚስቱ እኔ ዘንድ ነው የሚታጠበው፤ እንጨት ይዞ ይመጣል፣ ምላሱንም አይረሳም።

እኔ በሃያ ዓመት እሳቴን ጥዬ ሄጄ አላውቅም። ሳውናዬ መድረኩ ጥግ ነው፤ ከነደደ ጊዜ ጀምሮ እዚያው ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ጠርሙስህንም የምሞላው ያኔ ነው፣ ሌላ ምን ሥራ አለኝ? ባለፈው ዓመት ሳልለኩስ የዋልኩት አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው።

ታይሚ


ሃሎላምፒ፣ ሜይ 10 ቀን 1959

ለልጄ ለኦይቫ፣

በረዶው ሐይቁ ላይ ተሰብሯል። ከአንተ ወሬ ካጣሁ ስድስት ወር ሊሞላ ነው። ታመሃል? ወይስ እኔ የጻፍኩት ነገር አስቀየመህ? የመጨረሻዋን ደብዳቤ በልቤ ደጋግሜ አየኋት፤ የኡኖ ቃጠሎ እንጂ ሌላ የጻፍኩት የለም። ጠርሙስ መላክህንም አቁመሃል።

መጽሐፉ ወጣ ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። አልወጣም እላለሁ። መጽሐፉ ቢቀር ግድ የለኝም፤ ደህና ነኝ ብለህ በአንድ መስመር ጻፍልኝ። አንጀቴን አታቁስለው።

ታይሚ


ስቶክሆልም፣ ጁን 7 ቀን 1959

ውድ አክስቴ፣

አልታመምኩም። አንቺም አላስቀየምሽኝም። የጻፍሽልኝን በጃንዋሪ አነበብኩና ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

እሳት በሌለበት ጭስ የለም ይባላል፤ ጭስ ማውጫ በሌለበት ግን ጭስ አለ! «ጭስ ማውጫ ካለው ነገር ራቂ» ያልኩሽ እኔ ነኝ። አንቺም ራቅሽ። ጭስ ማውጫ የሌለው፣ ግን ግማሽ ቀን ሙሉ የሚነድ ቤት ጥግ ሄደሽ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ በጭሱ መካከል ቀዳሽልኝ። ነፋስ ሳይኖር ጭሱ ሐይቁ ላይ ይተኛል፤ ነፋስ ሲኖር ይበተናል። የምሥራቅ ደን ያልኩት ያንቺ የበርች ዛፍ ማገዶ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ገላሽን የምትታጠቢበትን እሳት ስለካ ኖርኩ።

ሁሉን ልንገርሽ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ጽሑፉ ታትሟል ማለት ይቻል ነበር፤ ስዊድን ውስጥ የሃሎላምፒን ሳውና የሚያውቅ ከኔ በቀር የለም። ክረምቱን ሁሉ ይህን ሳሰላስል ከረምኩ፤ ላንቺም መጻፍ ያቃተኝ ለዚህ ነው። ለመንደሩ ሁሉ የተናገርሽውን ደስታ ከእጅሽ መንጠቅም ከበደኝ። በመጨረሻ ግን ያ ተራራ ላይ የተቀመጠው አሜሪካዊ ትዝ እያለኝ እንቅልፍ አጣሁ። እሱ ቀጥ ያለ ቁጥር ለማግኘት ውቅያኖስ መካከል ወጣ፤ እኔ ጭስ ይዤ ልከራከረው?

ለፕሮፌሰሩ ሄጄ «ሦስተኛው ምዕራፍ ሳውና ነው» አልኩት። ሳቁ አምልጦት መነጽሩን አውልቆ እስኪጠርግ ሳቀ። ከዚያ «በል እንግዲህ፣ ምን ቀረህ?» አለኝ። ምዕራፉ ተቀደደ፣ ዶክትሬቱም አንድ ዓመት ተገፋ። ይገርምሻል፣ ያን ቀን እንደ ሕፃን ተኛሁ።

የቀረኝን ስፈልግ የሴፕቴምበር 13ቷን ጠርሙስ አገኘኋት። ልጥላት የነበረችዋን! በዚያው ሳምንት ተራራው ላይ ከተለካው ጋር አስተያየኋት። ቁርጥ እሱን ናት፣ ለጥቂት ነው የምትለየው። ከሁሉ ጠርሙሶችሽ የዓለም አየር ያለባት እሷ ብቻ ናት። ያን ቀን እሳት አልነበረም ማለት ነው። «አንድ ቅዳሜ ብቻ» ያልሽው ታወሰኝ።

ለምን እንዳልለኮስሽ ያኔ ገባኝ። እሳቱን ጥለሽ አውቶቡስ ልትጠብቂ መውጣት ስለማትችዪ ነው። እኔን ስትጠብቂ ውለሽ፣ ሳልመጣ ስቀር ወርደሽ ጠርሙሴን ሞላሽልኝ። አንድ ቃል አልተናገርሽኝም። አክስቴ፣ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ አለቀስኩ፤ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ አሲድ ዓይኔ ውስጥ የገባ መስሎት ውሃ ይዞ ሮጠ።

ጽሑፉ አሁን ርእሱ ተለውጧል፤ አየር የት፣ መቼና እንዴት መቀዳት እንዳለበት ነው። ሃሎላምፒ ሁለት ቦታ ትገባለች። አንዴ ለማስጠንቀቂያ፣ አንዴ ለምስጋና።

ደግሞ ይህን ስሚ። ተራራው ላይ ዓመት ሙሉ ሲለካ አንድ ነገር ታየ። ሰሜኑ ሲለመልም ጋዙ ይቀንሳል፣ ቅጠል ሲረግፍ ይጨምራል። ምድር በዓመት አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጭ ትተነፍሳለች። ዘንድሮ ደግሞ ካምናው ትንሽ ከፍ ያለ ይመስላል። ለመማል ገና ነው፤ ግን እየወጣ ከሆነ ያ ሊቅ ያለው ሺህ ዓመት አይፈጅም። ያንቺ የቅዳሜ ጭስ እንኳ ውስጡ አለበት፣ እጅግ ትንሽ ቢሆንም።

ጁላይ 4 ቅዳሜ ነው። ትኬቱን ቆርጫለሁ። ጠርሙስ ይዤ እመጣለሁ። እስክመጣ እንዳትለኩሺ።

ኦይቫ


ሃሎላምፒ፣ ጁን 21 ቀን 1959

ለልጄ ለኦይቫ፣

ሳቄን ይዤ መጻፍ አልቻልኩምና ቀለሙ ቢዝረከረክ እሱ ነው። በሕይወት ያኖረህ ጌታ ይመስገን።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው! ቅዳሜ ምን ትሠራላችሁ ስትለኝ ስለ ሳውናው ትጠይቀኛለህ ብዬ እንዴት ላስብ? ትተነፍሳላችሁ ወይ እንደማለት ነው እኮ። «ገላ ይታጠባል» ብዬህ ነበር፤ በምን መስሎህ ነው፣ በባልዲ?

ለቄሱ ሄጄ ነገርኳቸው። እንዳያፍሩ ብዬ ፈርቼ ነበር። «ለማስጠንቀቂያም ሆነ ለምስጋና መጽሐፍ ውስጥ መግባት መግባት ነው» አሉኝ። ኡኖ ደግሞ «አሁንስ በደህና ወረድሽ፤ ከነፋስ ሻጭነት ወደ ጭስ ሻጭነት» አለኝ። ሚስቱ በፎጣ መታችልኝ።

አዎ፣ ጠብቄህ ነበር። የጠዋቱም የማታውም አውቶቡስ ባዶ መጣ። የጠበስኩልህን ዓሣ ድመቷ በላችው። ሳልነግርህ የቀረሁት ልጅ ሆነህ የሰው አገር የሄድክ ሰው ነህና፣ ደግሞ እኔ ልወቅስህ ብዬ ነው። አሁን ነገርኩህ፣ ቀለለኝ።

ተቀዷል ያልከው ምዕራፍ አያሳዝንህ። ሌላ ትጽፋለህ። እዚያች ጠርሙስ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የገረመኝ አንድ ነው፤ ያን ቀን እኔ ብቻዬን የቆምኩ መስሎኝ ሳለ፣ አየሩ የሁሉም ሰው ነበር ማለት ነው።

ያ ጋዝ እየጨመረ ነው ያልከውን ግን ደግመህ ለካ። ድንቼን ውርጭ አይንካብኝ አልኩ እንጂ ሐይቄ በክረምት እንዳይረጋ አልጠየቅሁም።

ሳውና ውስጥ ገላችንን የምንመታበት የበርች ቅርንጫፍ ታስሯል፣ እንጨቱ ተፈልጧል። ክብሪቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ሁለቱ አውቶቡሶች ቢያልፉም ሦስተኛውን እጠብቃለሁ።

አክስትህ ታይሚ


(ከጠርሙሱ ላይ የተገኘች ወረቀት፣ በሁለት ሰው እጅ የተጻፈች)

ሃሎላምፒ፣ ጁላይ 4 ቀን 1959፣ ቅዳሜ።
ነፋስ፦ ከሐይቁ፣ ለስለስ ያለ።
ትንፋሻቸውን ይዘው የቀዱት፦ ታይሚ። ኦይቫ።
ሳውናው፦ ገና አልተለኮሰም።